የሰማያዊው ሰሌዳ ማገጃ

ፓዲኪ ነገር ቶሎ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ኦዱማሴ ከተማ ውስጥ አብረን ከተወቀጠ ጠርሙስ ዶቃ ስንሠራ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው። ዶቃው ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የማገዶው ነው፣ ቀለሙ ቢደበዝዝ የዝናቡ ነው፣ ሌላ ሰበብ ከጠፋ ደግሞ የእኔ ነው። እኔም ዝም ብዬ የምሰማ አይደለሁምና ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።

ባሏ ላወር ከሞተ በኋላ ግን አንድ ነገር አሰበች። ላወር በሕይወት ሳለ ከየቦታው ለቃቅሞ የወቀጠው ጥቁር ሰማያዊ የጠርሙስ ዱቄት በአንድ ማሰሮ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ዛሬ ከየትም አይገኝም። ከዚያ ዱቄት ሁለት መዳፍ የሚያህል፣ አውራ ጣት የሚወፍር ሰሌዳ አቅልጣ መቃብሩ ላይ ልታቆምለት ፈለገች። ዱቄቱ የሚበቃው ለአንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ዳግም ተወቅጦ ቢቀልጥ ይደፈርሳልና ከተበላሸ አለቀ።

ዶቃ ቢሆን እዚያው የሸክላው ቅርጽ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ይቀልጣል። ሰሌዳ ግን እንዳይፈስ ዙሪያውን የሚያግደው ነገር ይፈልጋል። እኔ ብረት ይሁን አልኩ። አንጥረኛው ቆርጦ ሰጠንና በተራ አረንጓዴ ጠርሙስ ሞከርነው። ለካ ብረት ሲቀዘቅዝ ከብርጭቆ ይበልጥ ይኮማተራል፤ ጨምቆ ለሁለት ከፈለው። ፓዲኪ ለሳምንት ያህል ከእኔ ብረት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቀጥሎ ጭቃ አቆምን፤ እሱም ተሰነጠቀና አፈሰሰ። በመጨረሻ የተሰባበሩ አሮጌ ቅርጽ ማውጫዎችን በመጋዝ ቆርጣ፣ ከኋላቸው ድንጋይ አስደግፋ አቆመቻቸው። ስንት ዓመት እሳት የለመደ ሸክላ ነውና ፍንክች አላለም። የቀረው ብርጭቆው እንዳይጣበቅበት ነጭ አፈር በጥብጦ መቀባት ነው፤ ይህን ለዶቃም ሁልጊዜ እናደርገዋለን።

ሰማያዊው በሚቀልጥበት ቀን ሁለቱን ጎን ቀብተን ሳንጨርስ ነጩ አፈር አለቀ። የገበያው ቀን እስኪደርስ ሦስት ቀን ይቀራል። ፓዲኪ «ከቤቴ ፈልጊ» አለችኝ። ማድ ቤት ገብቼ ከድስቶቹ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ድብልብል ነጭ አፈር አገኘሁ። ደስ እያለኝ ፈጭቼ በጠበጥኩትና የቀሩትን ሁለት ጎኖች በገዛ እጄ ቀባሁ።

ካቀለጥነው በኋላ እቶኑን በጭቃ መርገን ሁለት ቀን ሙሉ አቀዘቀዝነው። ስንከፍተው ሰሌዳው እንከን አልነበረውም። ሁለቱ ማገጃዎች ገና በጣት ሲነኩ ለቀቁ። እኔ የቀባኋቸው ግን እንደ ሙጫ ይዘውታል። ፓዲኪ ቀስ ብላ ስትነቀንቃቸው ቀጭ አለና ሰሌዳው አራት ቦታ ተከፈለ።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከወፍጮው ድንጋይ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት በጣቷ ነክታ ቀመሰች።

«ቅመሺው» አለችኝ።

ጨው ነው። እርጉዞች የሚበሉት አፈር ነበር፤ ሻጮቹ እንዲጣፍጥ ጨው ይለውሱበታል። ጨው እሳት ላይ ብርጭቆን ከሸክላ ጋር እንደሚያጣብቅ ደግሞ ማንም ዶቃ ሠሪ ያውቃል። በዚያ ቤት ከፓዲኪና ከልጇ ከማኩ ሌላ ሴት የለም። ፓዲኪ ስድሳ ሊሞላት ነው።

ማኩ ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ኩማሲ ከተማ ስለሚሠራ እናቷ ጋር ትኖራለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ፓዲኪ ከደስታዋ ብዛት ገና በሁለት ወሩ ለማኩ አማቶች ነግራ ነበር። ሁለተኛው ሲወርድ ማኩ ቸኩለሽ ስላወራሽው ነው ብላ እናቷን አራት ወር አላናገረቻትም።

እኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለማኩ ልነግራት ፈለግሁ።

«ምን ብለሽ? ከየት አመጣሁት ልትያት ነው?» አለች ፓዲኪ። «ራሷ እስክትነግረን ትደብቀው። እኔም አላወቅሁም፣ አንቺም አላወቅሽም። ሂጂ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ከምትሸጠዋ ሴትዮ ያንኑ የሚያህል ግዢና ቦታው መልሺው።»

እየሮጥኩ ገዝቼ መለስኩ። ማኩ ከወንዝ ልብስ አጥባ ስትመጣ እናቷ ስብርባሪው አጠገብ ቁጭ ብላለች።

«እማ፣ ምን ነካው?»

«ቸኩዬ ሳይበርድ ከፈትኩት።»

«ስንት ጊዜ ነገርኩሽ» አለች ማኩ። «የአባዬን ነገር እንኳ መታገሥ አቃተሽ? መቼ ነው አንድ ነገር እስኪደርስ ዝም ብለሽ የምትጠብቂው?»

«ልክ ነሽ ልጄ። አቃተኝ።»

ማኩ እያለቀሰች ወደ ቤት ገባች። እኔ ልከተላት ስነሳ ፓዲኪ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ስብርባሪውን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ማሰሮው መለሰች፤ ጣቷ ደምቶ ነበር። ከዚያ ጎንበስ እንዳለች፣ እንዳይሰማ በሹክሹክታ፣ «ይኼኛውስ ይጸናላት ይሆን?» አለችኝ።