ውሃው በረዶ ሲሆን

ዓሣ ማጥመድ የሥራ ፈት ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር። በኮሮናው ዓመት የወጣሁት ለልጄ ስል ነው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። እኔ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ባለችው ሱቄ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ስሸጥ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ስልክ ላይ ተጥዳ ትውል ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ነጠቅኋትና «ሰነፍ!» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አባዬ ብላ አልጠራችኝም። ሦስት ሳምንት፣ ከ«እሺ» እና «ደህና» በቀር ቃል አልሰማሁም። ቤቱ ከበደኝ።

ክልከላው ሲላላ፣ «ምን ነበር የምታይው?» አልኳት።

«በረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች። ጎማ የሌለው ጋሪ ይጎትታሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ።»

እኔ ባደግሁበት አገር በረዶ ማለት ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚያጠፋ ነው። «ዓሣውም አብሮ ይወርዳል?» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «ውሃው ነው በረዶ የሚሆነው። እዚህም ይሆናል።»

«ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ። አይሆንም።»

«እንሂድና እንይ።»

ያረጀ የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት ሰነጠቅሁ። በአንዱ ግማሽ ላይ የዳቦ ፕላስቲክ ሣጥን በሽቦ አስረን ጋሪ አደረግነው፤ ከመጥረጊያ እንጨትና ከሱቁ አሮጌ ሸራ መጠለያ ሠራን። «ጎማ ከሌለው ሣር ላይ ንቅንቅ አይልም» አልኳት። እሷ መጎተቻ ገመድ አሰረችበት።

በሐምሌ፣ እዚህ ብርዱ በሚጠናበት ወር፣ አንድ ማለዳ ከሰፈሩ ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ ግድብ ሄድን። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ገመዱን ስስበው ጋሪው ያለ ድምፅ ተንሸራተተ፤ እኔው ልወድቅ ነበር።

መጠለያውን ተክለን ወደ ውሃው ቀረብን። ዳር ዳሩ እንደ መስኮት መስታወት ጠጥሯል። ልጄ ጠጠር ወረወረችበት። ጠጠሩ እየነጠረ ሲሄድ በረዶው እንደ ወፍ ጮኸ፤ ጩኸቱ እየቀጠነ ግድቡን ተሻግሮ ጠፋ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሃያ ክረምት በዚያች ሰዓት ሱቅ ስከፍት፣ ይህ ሁሉ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነበር። ሰው ያላየውን የለም ሲል ውሸታም ይሆናል፤ ልጄንም የምታየውን ሳላይ «ሰነፍ» ብዬ ቀጣኋት።

ከጠጣሩ ዳር አሻግረን፣ ክፍት ውሃው ላይ መንጠቆ ጣልን። ምንም አልያዝንም።

«አባዬ» አለች ሸራው ሥር ተኮራምታ፣ «ዓሣዎቹ አይበርዳቸውም?»

ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነበርኩ።

«አላውቅም» አልኳት። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

ፀሐይ ወጥታ በረዶው እስኪሟሟ ስትነግረኝ ቆየች።