ሆዱ ያልተለካ ኬዝ

በሰፈሩ «ሚሊሜትር» ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ የሚጠራት ጠፍቶ ነው እንጂ። ሙያዋ ልብስ ስፌትና ጥልፍ ነው። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ዝም ብላ መቀስ አታነሳም። ቁም ትለዋለች፣ ተራመድ ትለዋለች፣ ተቀመጥ ትለዋለች፤ «ይሄን ጫማ ሁልጊዜ ነው የምታደርገው?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ደንበኛ ትዕግሥቱ አልቆ «ሴትዮ፣ እኔ ሱሪ እንጂ መንጃ ፈቃድ መች ጠየቅሁሽ!» ብሏት ወጥቶ ነበር። ግን ተመልሶ መጣ። የሷ ሥራ አይጠብም፣ አይሰፋም፤ ስለዚህ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ይመጣል።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት በአንድ የላሜራ ሣጥን የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ እንደተኮሳተረች የከረመችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥልፍ ማሽኗ አሮጌ ነው፤ የሚጠልፈውን ሥዕል በራሱ መያዝ አይችልም። ኮምፒዩተሩ በገመድ እያቀበለው ነው ስፌት በስፌት የሚሄደው። ኮምፒዩተሩ መሐል ላይ ድርግም ካለ ማሽኑ የነበረበትን ይረሳል፣ ጨርቁም አለቀለት። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ራቁቱን ነበር። አውቶቡስ ሾፌር ባሏ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ሲያወጣ አግኝቶ በርካሽ ገዛላትና አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫነው፤ ገመዱን ግን አላጠበቀም። ዕቃው ሲወድቅ የውስጡ በተአምር ተረፈ፤ ኬዙ፣ ማለት የውጪው ሣጥን፣ እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጨፍልቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሰሌዳ ማዘርቦርዱም ሽቦውም ማራገቢያውም ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ አጠገብ ጣውላ ላይ ተዘርግተው፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ምግብ የሚከደንበት መረብ ተደፍቶባቸው ይኖራሉ። ባሏ «አንጀተ ዝርግፉ» እያለ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ልብስ ሰፊ ቤት ደግሞ ብናኝ አይጠፋም። መቀስ ባለፈ ቁጥር፣ ጨርቅ በተቀደደ ቁጥር ለዐይን የማይታይ ድቃቂ ይነሳል። ማራገቢያው ያንን እየሳበ ይጠጣና ይታነቃል፤ ኮምፒዩተሩ ይግላል፤ ጭልም! ይሻላል ብላ ትልቅ ማራገቢያ አስገጠመችለት፤ ከማዘርቦርዱ ላይ እንደ ፎቅ ቤት የቆመ። ትንሽ ጊዜ አገለገላትና እሱም ብናኝ ለበሰ።

በዚህ መሐል ነው የክሊኒኩ ሥራ የመጣው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር፣ ነጫጭ ጋዎን በሁለት ትልቅ ፌስታል አሸክማ መጣችና ሁሉም ደረት ላይ የክሊኒኩ ምልክት፣ አረንጓዴ እባብ፣ እንዲጠለፍ አዘዘች። ለቅዳሜ። ሚሊሜትር የመጀመሪያውን ጋዎን ወጥራ ጀመረች፤ ምልክቱ ግማሽ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ጠፋ። ነጩ ጋዎን ደረቱ ላይ ግማሽ አረንጓዴ እባብ ይዞ ቀረ።

ሲስተር ያንን ስታይ አልጮኸችም። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«ይሄንን ትተኪልኛለሽ» አለቻት ረጋ ብላ። «ሌላ አንድ ከተበላሸ ግን የቀረውን ሰብስቤ ሌላ ቦታ እወስዳለሁ። ከዚህ በኋላ የአንሶላም የመጋረጃም ሥራ አለን፤ ላንቺ አስቤው ነበር።»

የተተካው ጋዎን ኪሷን አራቆተው። በቀረው ሽርፍራፊ የሚገዛ ነገር ቢኖር አንድ ኬዝ ብቻ ነው፤ ያውም ርካሽ። ሚሊሜትርም እንደ ልማዷ አደረገች። ወፍራም ወረቀት አንጥፋ የማዘርቦርዱን ልክ አወጣች፤ ጠርዙን አስምራ ቆረጠች፣ የብሎኖቹን ቦታ አንድ በአንድ በሳች፣ «ፊት»፣ «ጀርባ» ብላ ጻፈችበት። ፓተርን! ለኮት እንደሚወጣው ያለ። ጠቅልላ በብብቷ ያዘችና ወደ ኮምፒዩተር መሸጫዎቹ መንገድ ወረደች።

መጀመሪያ የገባችበት ሱቅ ሁሉ ነገሩ ያብለጨልጫል። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሻጭ ተቀበላት።

«እናቴ፣ ይቺን እዪልኝ! ጎኗም ፊቷም መስታወት ነው። ውስጧ መብራት አለ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ እያለች ትቀያየራለች።»

«ለምን?»

«ምን ለምን?»

«ለምን ትቀያየራለች? እኔ ልሠራባት ነው እንጂ ልጨፍርባት ነው እንዴ?»

«ታምራለቻ!»

«አየርስ በየት በኩል ነው የምትስበው?»

ሻጩ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። «እዚህ ጋ… ትንሽ ስንጥቅ አለቻት።»

«አፏን ለጉማችሁ በአፍንጫዋ ተንፍሺ ትሏታላችሁ» አለችና ለማንኛውም ዋጋውን ጠየቀች። ሲነግራት ሱቁንም ጨምሮ የሚሸጥላት መሰላት።

ሁለተኛው ሱቅ ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሸጠው። ዋጋው ልብ ያሞቃል፤ ኬዙን ሲከፍቱት ግን ታቹ ዝጓል፣ ጥጉ ላይ አይጥ የጎዘጎዘችው ወረቀት አለ፣ ሽታው ደግሞ አያድርስ ነው። «ታጥቦ ይለቃል» አላት ባለሱቁ ያለ ኀፍረት። «ማጠብ ቢያምረኝ ቤቴ ልብስ ሞልቷል» ብላው ወጣች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጫማዋ ተረከዟን ልጧታል፣ ንዴቷ እየጨመረ ነው። ይሄን ሁሉ ኮምፒዩተር የሚሸጥ መንገድ፣ ለብናኝ የሚሆን አንድ ተራ ሣጥን ይጠፋዋል?

ሦስተኛው ጋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቀጭን ሰውዬ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር። እዚያ አገኘችው፤ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፣ ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ከወንፊቱ ኋላ ብናኝ የሚይዝ ስስ መረብ ያለው። መረቡን ሳብ ስታደርገው ይወጣል፣ መልሳ ስትገፋው ይገባል። ልቧ ዘለለ። ላሜራው ስስ ነው፤ ሲነኩት ይርገበገባል፤ ይሁን። ፓተርኗን ዘርግታ ውስጡ አስቀመጠችው። የብሎን ቀዳዳዎቹ አንዱም ሳይስት ገጠመ።

ሰውዬው መነጽሩን አወረደ። «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ፓተርን ነው።»

«ለኮምፒዩተር?» ብሎ ጎረቤቱን ተጣራ። «ና ጉድ እይ! ለማዘርቦርድ ኮት የምታሰፋ ሴት መጥታለች!»

ሁለቱ ሆነው ሲስቁ እሷ ፓተርኗን ጠቀለለች። ተከራከረች፣ ወጣች፣ ተጠራች፣ ተመለሰች፣ ገዛች።

«የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ አይደል?» አላት።

«እኔ ለክቼ ተሳስቼ አላውቅም።»

ቤት ስትደርስ ባሏ ተረኛ አልነበረምና ብሎን አቀባይ ሆነ። ገና ሲጀምሩ የኬዙ ጠርዝ ጣቷን ቆረጣት። «ማን ነው ይሄን የሰፋው?» አለች ጣቷን እየመጠጠች፤ «ጠርዝ አይታጠፍም እንዴ? ሳይቀመቀም ይሸጣል?» ቢሆንም ማዘርቦርዱ ቦታው ቁጭ አለ፣ ሽቦው ገባ፣ ብሎኑ ጠበቀ። የቀረው የጎኑን ክዳን መዝጋት ነው።

ክዳኑ አልዘጋም።

«ግፋው።»

«እየገፋሁ ነው።»

«በደንብ ግፋው!»

«ከዚህ በላይ ከገፋሁት ወደ ጎረቤት ይሄዳል።»

ጎንበስ ብላ አየች። ያ እንደ ፎቅ የቆመው ማራገቢያ ከሣጥኑ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ክዳኑን ይዞታል። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቁመቱን ለክተሻል?»

«ለክቻለሁ።»

«ስፋቱን?»

«አዎ አልኩህ!»

«ሆዱንስ?»

ወረቀቱን አንስታ አየችው። ፓተርን ጠፍጣፋ ነው። ጨርቅ ሲሆን ጠፍጣፋው ተቆርጦ ሰው ላይ ሲውል በራሱ ይከባል፣ ይለጠጣል፣ ከገላ ጋር ይስማማል፤ እጇ ሃያ ዓመት የለመደው ያንን ነው። ላሜራ ከማንም ጋር አይስማማም።

«ሚሊሜትር ሆድ ረሳች!» ባሏ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ቦርጫም ሲመጣ ከበር ጀምረሽ የምትለኪው አንቺ!»

«አንተ ገመድ ማጥበቅ ብታውቅ ኖሮ እኔ ኬዝ ገዢ እሆን ነበር?»

ሳቁ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

በማግሥቱ የውስጡን መልሳ ፈትታ ኬዙን አቅፋ ወደ ቀጭኑ ሰውዬ ተመለሰች። ብሎን የገባበትን ጭረት አሳያትና «አይመለስም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አጭር ማራገቢያ ግን አለኝ አላት፤ ዋጋው ከኬዙ ይበልጣል።

«ታዲያ ስገዛ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ! ፓተርን ይዘሽ ስትመጪ ኢንጂነር መሰልሽኝ።»

ኬዙን መልሳ አቅፋ ወጣች። መንገዱን ሙሉ መልሱን ስትፈልግ ሄደች፤ ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልስ መጣላት፤ ምን ያደርጋል!

ክዳኑን ትታው እንዳትሠራ ብናኙ ያው ነው። በወፍራም ጨርቅ ብትሸፍነው ይታፈናል። ስስ መረብ ወጥራ በፕላስተር ለጠፈችበትና በቁራጭ ጨርቅ ሞከረችው፤ ማራገቢያው መረቡን ስቦ ጎረሰና እየተንገጫገጨ ቆመ። ሐሙስ ሆኗል። ጋዎኖቹ ተከምረው ያዩዋታል።

ክዳኑን ብቻ ነቅላ ወደ ዋርሳዋ ሄደች። የባሏ ታናሽ ወንድም የውሃ ታንከርና አሸንዳ የሚሠራ ላሜራ ሠሪ ነው፤ ከመዶሻ ጋር ሲውል ጆሮው ስለደከመ ሰላምታውም ጩኸት ነው።

«እትዬ! በሰላም ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ይሄን ሥራልኝ።»

«ሰኞ ነይ! ታንከር ይዣለሁ!»

የቆመ መሰላል ነበር፤ ታችኛው እርከን ላይ ቁጭ አለች። «እዚህ ነኝ።»

ዋርሳዋ ከልጅነቱ ያውቃታል። ካለች አለች ነው። መዶሻውን አስቀምጦ ክዳኑን ተቀበላት። «ምን ልሥራው? ልብሳው?»

«ቀዳዳ አልፈልግም፤ ብናኝ ይገባል። አውጣልኝ።»

«ከየት ነው የማወጣው?»

«ከመሐሉ! ቀሚስ ላይ ለጡት ቦታ እንደምናወጣው። እንዲህ፣ ጎበጥ አድርገህ።» በጠመኔ አከበበችለት።

«እትዬ፣ እኔ የውሃ ታንከር ነው የምሠራው!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በሙሉ ሰሙና መሣሪያቸውን ጥለው ሳቁ። እሷ ፈገግ አላለችም።

የአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቶ በክብ መዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። ላሜራው ስስ ስለሆነ በወጉ አልጎብጥ አለ፤ መጀመሪያ ተጨማደደ፣ ከዚያ በአንድ በኩል ጣጥ ብሎ ተቀደደ። «ይሄ ላሜራ ነው ወይስ የከረሜላ ወረቀት?» እያለ ሰደበው፤ ቅዳዱን በብየዳ ደፈነው። ሲጨርስ የክዳኑ መሐል ንብ እንደነደፈው ጉንጭ አብጧል፤ ዙሪያው ተጨማድዷል፤ ጎኑ ላይ የብየዳ ጠባሳ ጥቁር ብሎ ተጋድሟል።

«ቀለም ልቀባው?»

«ተወው፤ በቃኝ» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ የተቀደደ ስትጠግን፣ ጥገናው የት ጋ እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ እስኪጠፋው ድረስ ስትደብቅ ኖራለች። አሁን ለራሷ የገዛችው አዲስ ዕቃ ገና ሥራ ሳይጀምር ከማንም አሮጌ ሱሪ ይልቅ ተጥፏል። ይሄ ነው ያንገበገባት።

ክዳኑ ግን ገጠመ። ዓርብ በጠዋት በቁራጭ ጨርቅ ሞከረችው፤ ምልክቱ እስከ ጫፉ ተጠለፈ። የመጀመሪያውን ጋዎን ወጠረች፤ ትንፋሿን ይዛ አየችው፤ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ያኔ እብጠቱን ሰው እንዳያየው ብላ ኬዙን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ሲዞር ደግሞ ወንፊቱ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሆነና መረቡ ወዲያው ብናኝ ለበሰ። እርር ብላ መልሳ አዞረችው። እብጠቱ በሩን፣ መንገዱን፣ ገቢ ወጪውን ሁሉ እያየ ቀረ።

ቅዳሜ ሲስተር መጣች። ጋዎኖቹን አንድ በአንድ ዘረጋች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ክሩን በጥፍሯ ሳብ ሳብ አደረገች። ምንም አላለችም፤ እሷ ምንም ካላለች ወዳዋለች ማለት ነው። ከዚያ ዐይኗ ኬዙ ላይ አረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?»

ባሏ አፉን ሊከፍት ሲል ሚሊሜትር በዐይኗ ወጋችው። «ምንም አልሆነም ሲስተር፤ ሥራው ላይ ነው» አለች።

«አንሶላዎቹን ሰኞ እልካለሁ» ብላ ሲስተር ፌስታሎቿን አስይዛ ወጣች።

ባሏ ተነስቶ የኬዙን እብጠት እንደ ሕፃን ሆድ መታ መታ አደረገው። «እሰይ! ሥራው ተገኘ፣ ጋዎኑ አማረ። አሁን እንኳ ፊትሽን ፍቺ እንጂ። ምን ቀረሽ?»

ሚሊሜትር ቀጣዩን ሥራ፣ የሰፈሩን ተማሪዎች ሹራብ፣ ወጥራ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከች ነበር። አሾለከች፣ ቋጠረች፣ ማሽኑን አስነሳች።

«ያ ቀጭን ሰውዬ እየሳቀብኝ ሸጠልኝ እኮ!» አለች።