ካውያው ምን በደለ

ልጄ ልብስ ተኳሽ ናት። አንድ ስፌት ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆማ ስትተኩስ አንድ ኮሌታ አላቃጠለችም። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው። አንድ ልጅ አላት፤ ሁለተኛውን «ትንሽ ልረጋጋ» እያለች በየቀኑ በምትውጠው የእርግዝና መከላከያ እንክብል ስታቆየው ስድስት ዓመት ሆናት።

ዘንድሮ ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን የሚለበልብ ሙቀት ይይዛት ጀመር። ላብ ያጠምቃትና ወዲያው ይበርዳታል። ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ሲሞቀው ማንን ይጠረጥራል? መስኮቱን ትከፍታለች፤ ልብስ ሰፊው ይዘጋዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ጉንፋን ይዞኝ ልሙትልሽ?»

«ካውያው ነው ጋሼ! እንፋሎት እየለቀቀ ፈጀኝ እኮ።»

ካውያው ሁለት ጊዜ ጠጋኝ ዘንድ ተላከ። ጠጋኙ በሁለተኛው «እሱስ ደኅና ነው፤ ተኳሿን አስመርምሩ» ብሎ እየሳቀ መለሰው።

እሑድ እኛ ቤት ድንች ስትልጥ ያው ሙቀት መጣባት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ካውያ የለም አይደል?»

እናቷ ቀና አለች። «እኔንም እንዲህ ነበር የጀመረኝ። አርጠሽ እንዳይሆን።»

«እማዬ ደግሞ! የወር አበባዬ ቀኑን ሳያዛንፍ ይመጣል።»

እኔም በዚያ ተጽናናሁ። ሰው የሚያየውን ምልክት ለማመን እንዴት ይቸኩላል!

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ግን «ያ ደም ምስክር አይሆንም» አለቻት። «ያመጣው እንክብሉ ነው። ማረጥ ቢጀምርሽም ይሸፍነዋል። የደም ምርመራውንም ያሳስታል።»

«ታዲያ አርጫለሁ ወይስ አላረጥሁም?»

«እኔ እንጃ፣ እኅቴ። ሌላ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ሐኪሟ ትይሽ።»

ሐኪሟ እንክብሉን አቁማ ከሁለት ወር በኋላ እንድትመጣ ነገረቻት። ልጄና ባሏ ተማክረው ሌላ መከላከያም ተዉ፤ ልጁ ይምጣ አሉ። አሁን ልጄ የሚመጣውንም የሚሄደውንም በአንድ ገላ ትጠብቃለች። የወር አበባዋ ሲዘገይ ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ?

ትናንት ልብስ ሰፊው ፊቷ ሲቀላ አይቶ፣ ሳትጠይቀው ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተላት።

«ኧረ ይዝጉት ጋሼ» አለችው ሹራቧን እየፈለገች፤ «አሁን ደግሞ በረደኝ።»