የተሳለምኩት የከተማ በር

አስተማሪዋ ወረቀቴን መልሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና በፈገግታ፣ «ከራስሽ ቅርስ ብትመርጪስ?» አለችኝ። በዕድሜ ታናሼ ናት። ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ባለ ኮሌጅ የታሪክ ትምህርት ላይ ነበርን። እያንዳንዳችን ስለ አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ክፍሉ ፊት ቆመን ማስረዳት አለብን፤ ይህን ያላለፈ ትምህርቱን ይደግማል፤ እኔ ደግሞ ካላለፍኩ የነርስነት ፕሮግራሙ አይቀበለኝም። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ሆላንድ ውስጥ ስላለ አንድ የድሮ የከተማ በር ነበር።

ቤት ስገባ ለልጄ ነገርኳት። እዚሁ በምንኖርበት በካሮልተን ተወልዳ ያደገች ናት።

«ማሚ፣ ሶ፣ ላሊበላን ፕሬዘንት አድርጊ! ማለቴ፣ ኢዚ ነው። ቲቸርሽም ሃፒ ትሆናለች።»

ተናደድኩ። ላሊበላን ረግጬ አላውቅም። በዚያ በር ግን ቴክሳስ ከመምጣቴ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ተመላልሼበታለሁ።

ያኔ ሆላንድ ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እጠብቅ ነበር። የስደተኞች ካምፑ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ በበሩ ሥር ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን ቀና ስል ትልቅ ግንብ፣ አናቱ ላይ ደወል አየሁ። ቤተ ክርስቲያን መሰለኝ። ሻርፔን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ አማተብኩና ድንጋዩን ተሳለምኩ። እንዲህ ስሳለም አንድ ወር አለፈ። አንድ ቀን ሕንፃውን የሚያስጎበኙ አሮጊት አዩኝና ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ስቀው እጄን ይዘው ወደ ላይ አወጡኝ። ያሳዩኝ የእስረኞች ክፍል ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ወር ሙሉ የተሳለምኩት ለካ እስር ቤት ኖሯል።

ታሪኩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ድሮ ደወሉ ሲደወል በሩ ይዘጋል፤ የዘገየ ገበሬ ከነላሙ ውጭ ያድራል። ኋላ ከተማዋ ስትሰፋ ቅጥሩ ፈረሰ፤ ሌሎቹም በሮች ጋሪ አላሳልፍ አሉ ተብለው ተናዱ። ይኸኛው የተረፈው ስላማረ አይደለም። እስረኞቹን የሚያኖሩበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው እንጂ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በሩን ይበልጥ ወደድኩት። በማግስቱ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንደገና ተሳለምኩት።

ቀኑ ሲደርስ ክፍሉ ፊት ቆምኩና ያንኑ በር አቀረብኩ። ስለ ደወሉ፣ ስለ ገበሬዎቹ፣ በእስረኞች እግር መሐሉ ስለጎደጎደው ደረጃ አወራሁ። እንደ ቤተ ክርስቲያን መሳለሜንም አልደበቅሁም። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አስተማሪዋ ብቻ አልሳቀችም።

«ጥሩ ነው፤ ግን ይህ የሆላንዶች ታሪክ ነው። የአንቺ ሰዎች ታሪክ የት አለ?»

እስክሪብቶዋ ማርክ በምትሞላበት ወረቀት ላይ ቆሟል። ፈርቼ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ ባሰ።

«ሆላንድ ጥያቄዬን ውድቅ አድርጋ ውጪ ስትለኝ ሻንጣዬን የጎተትኩት በዚያ በር ሥር ነው» አልኳት። «ያን ቀን በበሩ ካለፉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ይህን የሚያወራልኝ ሌላ ሰው የለም። ዜሮ ልትሰጪኝ ትችያለሽ፤ ርዕሴን ግን አልቀይርም።»

መልሷን ሳልጠብቅ ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።