በመብራት ቤት የተገኘው ስኳር

ሰውን ቶሎ አላምንም። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ፊርማዬ ሁሉ የአውራ ጣት ነው፤ ምን ላይ እንዳሳረፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ የአየር ጥናት የሚሠራ አንድ ወጣት ከተማችን ሐይቅ መጥቶ መዝጋቢ ሲፈልግ፣ እሺ ያልኩት ቅጹን ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። በተመረጡት ቤቶች ግድግዳ ላይ እንደ ንብ የምታጉረመርም ትንሽ ፓምፕ ተሰቅላለች፤ ቀኑን ሙሉ አየር እየሳበች በነጭ ክብ ማጣሪያ ታሳልፋለች። በየጠዋቱ ማጣሪያውን በወረንጦ አንስቼ በፎይል እጠቀልላለሁ፣ አዲስ እተካለሁ። ከዚያ ቅጹ ላይ የታተመውን እጠይቃለሁ፤ "ትናንት በምን አበሰላችሁ?" እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰል፣ መብራት። የተባልኩትን እጽፋለሁ።

ከቤቶቹ አንዱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አላት። "በመብራት" ትለኛለች፤ "መብራት" እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ውጤት ከላቦራቶሪ ሲመለስ ወጣቱ ቤቴ ድረስ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

"እትዬ፣ እዚያች ሴት ቤት በእውነት ይገቡ ነበር?"

"ምን ማለትህ ነው?"

ነገሩን ያስረዳኝ ያን ቀን ነው። እንጨት ሲነድ ገላው በእሳት ተሰባብሮ አንድ ዓይነት ስኳር ይወለዳል፤ ከጭሱ ጋር ወጥቶ ማጣሪያው ላይ ያርፋል። ኩበትና ገለባም ይኸው ስኳር አላቸው፤ የባጃጅና የመኪና ጭስ ግን የለውም። እና መብራት ብዬ በጻፍኩበት ቤት፣ በአንዳንድ ቀን፣ እንጨት ከምታነደው ጎረቤቷ ቤት የበለጠ ስኳር ተገኝቷል።

"ወይ እሷ ዋሽታለች፣ ወይ እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው ሞልተውታል" አለኝ። "ካልተጣራ መዝጋቢ መቀየሬ ነው።"

እኔን! ያነበብኩትን እንኳ ደግሜ ካላነበብኩ የማልፈርመውን!

ያን ሳምንት ያልጠረጠርኩት የለም። ወጣቱ ራሱ ማጣሪያ አደባልቆ ይሆናል አልኩ። ጎረቤቷን ጠረጠርኩ። ነፋሱን ጠረጠርኩ፤ ግን የሐይቁ ነፋስ ቤት ይመርጣል? ዞሬ ዞሬ እሷው ላይ ደረስኩ። ቆዳዋ ከወር ወዲህ ጠርቷል፣ ወዝ አውጥቷል። አይቼዋለሁ፤ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ግን ከቁም ነገር አልጣፍኩትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ በማልመጣበት ሰዓት ሄድኩ።

"በምን አበሰልሽ?" አልኳት ገና ከበሩ።

"በመብራት። ምነው፣ ዛሬስ ሁለቴ ሆነሳ?"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ! ምን ሆነሻል አንቺ፣ ፖሊስ ገባሽ እንዴ?"

"የወተት ዕቃ በወይራ ታጥኛለሽ?"

"ላም የት አለኝና! ድመቷን ልለባት?"

ሳቀች። ሳቋን አላመንኩትም። ከጓዳ የታፈነ የጭስ ሽታ ይመጣል። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ፤ ጥግ ላይ የተነጠፈውን ሰሌን አነሳሁ። ከሥሩ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ አመድና በግማሽ የነደደ የወይባ እንጨት።

ቦለቅያ ነው። ሴት ልብሷን አውልቃ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ከላዩ ተቀምጣ ገላዋን በጭስ የምታሞቅበት። ለሙሽራ ነው፣ ለባለትዳር ነው። ባል የሞተባት ስትገባበት ግን "ለማን ብላ?" ይባላል።

"የውጫሌ ሰው ነው" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሽማግሌ ሊልክ ነው። ግቢው የሟቹ ባሌ ወንድም ንብረት ነው፤ ቀድሞ ከሰማ ልጄን አስቀርቶ እኔን ያስወጣኛል። የየቤቱ ውጤት በስብሰባ ይነበባል አላላችሁም? እንዳትጽፊው፣ እህት ዓለም።"

"ዋሽተሽኛል።"

"መቼ? በምን አበሰልሽ አልሽኝ፣ በመብራት አልኩሽ። ራሴን አበሰልኩ ልበልሽ?"

የታተመውን ጥያቄ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ስጠይቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።

"የምታነጂበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ" አልኳት። "ለምን እንደሆነ አልጽፍም።"

"አብሽሪ፣ እነግርሻለሁ" አለች። የምታጽናናኝ እሷ ሆነች።

ለወጣቱ እንዲህ አልኩት፤ "እሷም አልዋሸችም፣ እኔም አልዋሸሁም። እንጨት ነዷል፣ ለማብሰል ግን አይደለም።"

"ለምን ታዲያ?"

"ቅጽህ እሱን አይጠይቅም።"

ፊቱ አላመነም። ቢያምን እሱንም እጠረጥረው ነበር። "እኔን አትመን" አልኩት። "በሚመጡት ሁለት ሳምንታት እንጨት የነደደበትን ቀን ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ እሰጥሃለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ክፈተው። ስኳሩ ይፍረድ።"

የነገረችኝን ሦስት ቀናት ጻፍኩ፤ አሸግኩ።

ውጤቱ እስኪመለስ ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ነገሩ በደግ አልቆ፣ እሷ ልጇን ይዛ ውጫሌ ገብታለች። ይህንንም የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። ወጣቱ ፖስታውን ፊቴ ቀደደው። ሦስቱም ቀን ከስኳሩ ጋር ገጠመ። ግን አራተኛ ቀን ነበር፤ ማክሰኞ፣ ትንሽ ስኳር።

"ይቺ የጎረቤት ጭስ ትሆናለች፣ እንተዋት" አለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።"

ይቅርታው ጆሮዬ አልገባም። ደብቃኛለች አልኩ በልቤ፤ ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ። ከመደወሌ በፊት ግን የራሴን ደብተር ገለጥኩ። ማክሰኞ ላይ፣ በኅዳጉ፣ በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ "በእኛ ሰፈር መብራት ስላልነበረ ቁርስ በእንጨት ሠራሁ። ረፈደብኝ። ወረንጦው ቤት ቀረ።"

ጭስ የጠገበ ጣቴን ይዤ ሄጄ ነው ማጣሪያውን ያነሳሁት።

"ቆይ" አልኩት። "የጎረቤት አይደለም። የኔ እጅ ነው።" ደብተሩን አሳየሁት።

"ይሄንንስ ማን ጠየቀዎት?"

"ማንም።"

ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ። መዝጋቢ ይቀይር እንደሆነ ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም። ከውጤቱ ወረቀት ማክሰኞን ሊሰርዝ እስክሪብቶ ሲያወጣ እጄን ዘረጋሁ፤ ሰጠኝ። ከቀኑ ጎን "በመዝጋቢዋ እጅ የተነካ" ብዬ ጻፍኩ። አንዴ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩበት።