ጮክ ተብሎ የማይነበብ ስህተት

ዝም ማለቴ ከየትኛዋ ደቂቃ ጀምሮ ነው ክፋት የሆነው? ስህተቱን ካየሁባት ከረቡዕ ጠዋት? ልጅቱ «ደህና ነው?» ብላ ከጠየቀችኝ በኋላ? ወይስ ዓርብ ዕለት በእንግዶች ፊት ስህተቷን ስትፈልግ፣ እኔ አሁንም መናገር ስችል? ዓመታት አልፈዋል፤ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ከአምበር ከተማ ወዲያ ባለው መንደራችን አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ልጆቹ «እናታችን መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ፊደል የለየሁት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ወንድሜ የአብነት ተማሪ ነበርና እቤት ሲመጣ የገለበጠውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር የሚያመሳክረው እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየሳብኩ እከተላለሁ። የጎደለች ቃል ካለች ጣቴ ይቆማል። ሥራ ማለት ለኔ እንዲህ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይከተላል።

በኋላ ደብረ ማርቆስ ባለች አንዲት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። ኃላፊያችን በወጣትነታቸው ቅኔ ያስተማሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ ነበር የምንላቸው። የመጻሕፍቱን ካርዶች በእጄ እየጻፍኩ ስሰጣቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ያዩና «ይችን ልጅ ነጥብ አታልፋትም» ይሉ ነበር። አሥር ዓመት ያህል በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ኖሬያለሁ።

ከዚያ ልጅቱ መጣች። ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች፣ የስድስት ወር ኮንትራት ይዛ፣ ሳቋ ቀድሟት የሚገባ። የተሰጣት ሥራ የስልክ አፕ ነው፤ ካሜራውን በመጽሐፉ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ባርኮድ ላይ ሲያነጣጥሩት የመጽሐፉን ርዕስና መደርደሪያውን የሚያሳይ። አንዴ ተጽፎ አንድሮይድ ስልክ ላይም አይፎን ላይም የሚሠራ መሆን አለበት። እኔ መጻሕፍቱን ስለማውቅ እንዳግዛት ታዘዝኩ።

ያናደደኝ ሥራው አልነበረም። የኔታ ናቸው። እሷ ስትገባ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር የሚያዳምጡት። ለኔ አውልቀው አያውቁም። እኔን ሲያነጋግሩ ዓይናቸው ካርዱ ላይ ነው።

የአፑ ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ፋይል ነው። ከላይ ከሌሎች ሰዎች ሥራ የምንዋሳቸው ፓኬጆች ይዘረዘራሉ፦ ባርኮድ የሚያነበው፣ ካሜራ የሚከፍተው፣ መዝገቡን የሚያስቀምጠው፤ እያንዳንዱ ከነእትም ቁጥሩ። ከታች አፑ ይዞት የሚዞረው ነገር ይጻፋል፦ ዓርማው፣ ስካን ሲደረግ «ጢጥ» የሚለው ድምፅ፣ የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፎንት። የቱ በየቱ ሥር እንደሆነ የሚታወቀው ከመስመሩ ፊት ባለው ክፍት ቦታ ብቻ ነው። ሁለት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ የገባ የላይኛው ልጅ ነው፤ ወደ ግራው ጠርዝ የወጣ ባዳ ነው። ባዳውን ኮምፒውተሩ አልፎት ይሄዳል፤ አይጮህም፣ አይቆጣም።

እንደ ካርዶቼ ሥርዓት ያለው ነገር ስለሆነ ወደድኩት። ያስተማረችኝ እሷ መሆኗ ግን አንገበገበኝ።

ኢንተርኔቱ ደካማ ስለነበር የፓኬጆቹን ቁጥር ሁሉ በደብተሬ ጽፌ እይዝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ፓኬጅ ራሱን ወደ አዲስ ቁጥር ቀይሮ ካሜራው አልከፍት አለ። ደብተሬን ገልጬ የቀድሞውን ቁጥር ነገርኳት፤ መልሳ ጻፈችው፤ ካሜራው ተከፈተ። ሮጣ ሄዳ «የኔታ፣ እትዬ ባትኖር ጉድ ሆኜ ነበር» አለቻቸው። እሳቸውም «አመስጋኝ ልጅ! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?» አሏት። ሥራው የኔ፣ ምርቃቱ የሷ። የዚያን ቀን እራት አልበላሁም።

የወንድሜን ዘዴም አስተምሬያት ነበር። ፋይሉ በተነካ ቁጥር እኔ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሷ ደብተሬን ይዛ እየተከተለች ምልክት ታደርጋለች። «ዩኒቨርሲቲ ያላስተማሩኝን!» ብላ ትስቅ ነበር።

አፑ ዓርብ ለእንግዶች ሊታይ ተቀጠረ፤ የልጅቱ ኮንትራት መራዘምም በዚያው ቀን ነበር የሚወሰነው። የሚታየው በቤተ መጻሕፍቱ ታብሌት ነው። ታብሌቱ አሮጌ በመሆኑ የአማርኛ ፊደል እንደሌለው ታውቃለች፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ፎንቱን አምጥታ ፋይሉ ውስጥ ጻፈችው። ልንሞክረው ግን አልቻልንም። ታብሌቱ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ነበር፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም፣ አንደኛው ፈራሚ ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል። በሷ ስልክ ስናየው ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ስልኳ የራሱ አማርኛ ስላለው የኛ ፎንት ይግባ አይግባ በዚያ አይታወቅም።

ረቡዕ ጠዋት ላነብላት ስቀመጥ የኔታ በር ላይ ቆሙ።

«ዓርብ አንቺ ታስረጃለሽ» አሏት። ወደኔ ዞር ብለው «አንቺ ደግሞ የድሮዎቹን ካርዶች ታሳያለሽ፤ ከምን እንደተገላገልን ይዩት» አሉኝ።

ከምን እንደተገላገልን።

ማንበብ ጀመርኩ። ፓኬጅ ከነቁጥሩ፣ ፓኬጅ ከነቁጥሩ፤ ዓርማ፤ ድምፅ። ከዚያ የፎንቱ ርዕስ። እንደ ዓርማውና እንደ ድምፁ ወደ ውስጥ መግባት ሲገባው ተነጥሎ ግራው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ሁለት ክፍት ቦታ ጎድሎታል። ወዲያው አየሁት፤ ዓይኔ ሌላ ሥራ ለምዶ አያውቅም። ቃሉን ግን ልክ እንደሌሎቹ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍት ቦታ ድምፅ የለው! እሷ ደብተሩ ላይ ምልክት አደረገች።

«እትዬ፣ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ሐሙስ ምሳ ሦስታችንም አብረን በላን። የኔታ ሲቀልዱ እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ዓርብ እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ነው ታብሌቱ የተለቀቀልን። እየሮጠች ጫነችበት። አንዱን መጽሐፍ አንስታ አነጣጠረች፤ «ጢጥ» አለ፤ እንግዶቹ «ኦሆ!» አሉ። ከዚያ ርዕሱ መውጫ ላይ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። ሌላ መጽሐፍ፤ ሌላ ሳጥን።

«ይኸ በምን ቋንቋ ነው?» አለ አንዱ ወፍራም እንግዳ።

«ቤተ መጻሕፍት ነው ያላችሁን፤ የሳጥን መጋዘን ኖሯል!» ሲል ሌላው ጨመረ። ሳቁ።

«አንድ ጊዜ... ፎንቱ ነው... አሁን አስተካክለዋለሁ» አለች። ላፕቶፑን ከፍታ የፎንቱን ስም ፊደል በፊደል አየች፤ ስሙ ልክ ነው። ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ አብረን አንብበነው የለ?»

«አንብበነዋል።»

አንድ ጣት ብዘረጋ ይበቃ ነበር። ጣቴን ከካርዶቹ መሳቢያ ላይ አላነሳሁም። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደኔ መጥተው ካርዶቹን ተመለከቱ። «ይኸ ይሻላል፤ ቢያንስ ይነበባል» አሉ። ደስ አለኝ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ደስ አለኝ።

ኮንትራቷ አልተራዘመም። ስትሰናበተኝ ስልክ ቁጥሯን ደብተሬ ላይ ጻፈችልኝ፤ «የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ካወቅሽ ደውይልኝ፤ አለዚያ ያሳብደኛል» ብላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩና ሁለት ክፍት ቦታ አስገባሁ። ታብሌቱ ላይ ፊደሉ ወጣ። ለየኔታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንቺ ነሽ ያዳንሽው» አሉ። አፑ ሥራ ላይ ዋለ፤ ለሚጠይቅ ሁሉ እኔ ያዳንኩት እየተባለ ተነገረ። አልደወልኩላትም።

የኔታ ጡረታ ወጥተው አማኑኤል ከተማ ዘመዶቻቸው ዘንድ ገቡ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አልፎ አልፎ እሁድ እየሄድኩ አነብላቸው ነበር። በአንዱ እሁድ እያነበብኩ ሳለ አቋረጡኝ።

«ያች ልጅ ትዝ ትልሻለች? ምን ዓይነት አእምሮ ነበራት! ችኩል መሆኗ ነው የጎዳት። ባለፈው አንድ መሥሪያ ቤት ስለሷ ጠይቀውኝ ይኸንኑ ነገርኳቸው፤ ጎበዝ ናት ግን ጥንቃቄ የላትም አልኩ። ምናለ እንዳንቺ ቢያደርጋት?»

እንዳንቺ። ልጅቱ ከመጣች ጀምሮ ልሰማው የፈለግሁት ይህንን ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁ።

«የኔታ፣ ስህተቱን አይቼው ነበር።»

«የቱን?»

«የዚያን ዓርቡን። ረቡዕ ነው ያየሁት። ጠይቃኝ ደህና ነው አልኳት። በኋላ ያስተካከልኩትም ያንኑ ነው፤ የማንንም ሥራ አላዳንኩም።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ሐሙስ ምሳ አብረን በልተናል» አሉ።

«አዎ።»

«ለምን አደረግሽው?»

«እሷ ስትገባ መነጽርዎን ያወልቁ ነበር።»

እንደዚያ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ሰማሁት። እሳቸውም ሰሙት መሰለኝ፤ እጃቸው ወደ መነጽራቸው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቁጥሯ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ደውይና ስጪኝ። እኔ ጥንቃቄ የላትም ብዬ የበደልኳትን እኔ እነግራታለሁ፤ ያንቺን አንቺ።»

ቁጥሩን አስገባሁ፤ ሲጠራ ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ የኔታ ነኝ» አሏት። ከስልኩ ውስጥ ሳቋ ተሰማ። ልወጣ ብድግ ስል በእጃቸው ተቀመጪ የሚል ምልክት ሰጡኝ። ተቀመጥኩ፤ ተራዬን ጠበቅሁ።