ለቅሶ የደረሱኝ የታይዋኑ ሽማግሌ

እናቴ አዲስ አበባ ስታርፍ የመኖሪያ ፈቃድ ፔፐሬ ስላላለቀ ሄጄ ልቀብራት አልቻልኩም። ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ሀበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው አፓርትመንቴ ነበር። ቤቱ በሀበሻ ተሞልቶ ሳለ አንድ የማላውቃቸው ኤዥያዊ ሽማግሌ ገቡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ተሳስተው የገቡ መስሎን እርስ በርስ ተያየን። ትንሽ ቆይተው ግን ስቅስቅ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ፣ “እስቲ ከየት እንደሆኑ ጠይቂልኝ” አሉኝ። በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው።

“ከታይዋን ነኝ። ላይኛው ፎቅ ነው የምኖረው፤ እናትሽ እንደሞተች ኮሪደሩ ላይ ነገሩኝ።”

“ቻይና ማለት ነው?” አሉ እትዬ።

ሽማግሌው “ቻይና” የሚለውን ቃል ሰምተው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። “ቻይና ታይዋንን የኔ ናት ትላለች። አብዛኛው ዓለምም አገር ናችሁ ብሎ አይቀበለንም። እዚህ ተማሪ ሳለሁ ደሴታችን በወታደራዊ ሕግ ነበር የምትገዛው። ራሷን የቻለች አገር ትሁን ብዬ ሰልፍ ብወጣ፣ የራሴ መንግሥት አገሬ እንዳልገባ ከለከለኝ። እናቴ የሞተችው ያኔ ነው። የሚያስተዛዝነኝ ሰው ስላልነበረ ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም።”

ተረጎምኩላቸው። እትዬ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“የእናታቸውን ስም ጠይቂልኝ።”

“ሜይሊን” አሉ ሽማግሌው።

እትዬ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ደረታቸውን መቱ።

“ወይኔ ሜይሊን! ሜይሊን እናቴ! ልጅሽ ሳይቀብርሽ!”

ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው።